ጦሳ ፀሐይዋን የሚወስዳት በስንት ሰዓት ነው? ደሴን ከደጃፍ ጀምሮ በስልክ ስለማንሳት

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «የምኖረው ደሴ፣ ሳላይሽ ነው። በየቀኑ አንድ ፎቶ በስልኬ እያነሳሁ ዓመት ልሙላ ብዬ ጀመርኩ። በ16ኛው ቀን የማነሳው አለቀብኝ። ጀንበር ልትጠልቅ ስትል ያለው ብርሃን ያምራል ሲባል ሰምቼ ከሥራ ስወጣ እሮጣለሁ፤ ስደርስ ሰፈሩ ጥላ ውስጥ ነው። ጉም ሳነሳ አመድ ይመስላል። እናቴን በነጠላ ሳነሳት ወይ ፊቷ ይጠቁራል ወይ ነጠላዋ ነጭ ወረቀት ይሆናል። ካሜራ ልግዛ?»

ካሜራ አሁን አትግዢ፣ እህቴ። ከዘረዘርሻቸው ችግሮች አንዱም ስልኩ ያመጣው አይደለም። ካሜራ ብትገዢም ጉሙ አመድ ይመስላል፣ ነጠላውም ይነጣል፤ ምክንያቱ አንድ ነውና። ከብርሃኑ ልጀምር፤ ደሴ ላይ ብርሃኑ በሌላ ከተማ ሕግ አይሄድም።

የስልክሽ የአየር ሁኔታ መተግበሪያ «ፀሐይ 12፡10 ትጠልቃለች» ሲል የሚያወራው ስለ ሜዳማ አድማስ ነው። ደሴ በምዕራብ የጦሳ ተራራ፣ በምሥራቅ አዝዋ ገደል የያዟት ከተማ ናት። ፀሐይዋ ለመተግበሪያው ሳትጠልቅ ለአንቺ ሰፈር ትጠልቃለች። ያ ከጎን የሚመጣው ወርቃማ ብርሃን የሚገኘው ፀሐይ ዝቅ ስትል ነው፤ ዝቅ ስትል ደግሞ ጦሳ ይጋርዳታል። የምትሮጪው ትክክለኛ ነገር ለመያዝ ነው፤ የተሳሳተው ሰዓቱ ብቻ ነው።

ጦሳ ስንት ደቂቃ እንደሚወስድብሽ በጡጫሽ መለካት ትችያለሽ። ክንድሽን ሙሉ በሙሉ ወደፊት ዘርጊና ጨብጪ፤ የጡጫሽ ስፋት ከሰማዩ 10 ዲግሪ ገደማ ይሸፍናል። ፀሐይ በአንድ ሰዓት 15 ዲግሪ ትጓዛለች። ደሴ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ አካባቢ ላይ ስለሆነች ጀንበሯ ወደ ጎን ብዙ ሳትንሸራተት ቁልቁል ነው የምትወርደው፤ ስለዚህ አንድ ጡጫ 40 ደቂቃ ያህል ይሆናል። በዓይንሽ ትክክል ካለው ከፍታ ጀምረሽ እስከ ተራራው አናት ጡጫ በጡጫ ላይ እያስቀመጥሽ ቁጠሪ። አንድ ጡጫ ከሆነና መተግበሪያው 12፡10 ካለ፣ ያንቺ ጀንበር የምትጠልቀው 11፡30 ላይ ነው። አንድ ተኩል ከሆነ 11፡10። እንግዲህ ቆንጆው ብርሃን የሚገኘው ከዚያ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ውስጥ ነው። ወደ ተራራው ግርጌ በቀረብሽ ቁጥር ጡጫው ይበዛል፣ በራቅሽ ቁጥር ያንሳል፤ ስለዚህ ቦታ ስትቀይሪ እንደገና ለኪ። አንድ ጊዜ ለክተሽም አይበቃም። ፀሐይ በታኅሣሥ ከትክክለኛው ምዕራብ 24 ዲግሪ ያህል ወደ ደቡብ፣ በሰኔ ደግሞ ያንኑ ያህል ወደ ሰሜን ተጠግታ ትጠልቃለች። በሁለቱ መካከል አምስት ጡጫ የሚጠጋ ልዩነት አለ፤ ጀንበሯ በየወቅቱ የምትገባበት የተራራው ጫፍ ይለያያል፣ ሰዓቱም አብሮ ይቀየራል። በወር አንድ ቀን «ዛሬ በዚህ ሰዓት ጠፋች» ብለሽ ማስታወሻ ያዢ። በዓመቱ መጨረሻ የትኛውም መተግበሪያ የማይሰጥሽ የሰፈርሽ ሠንጠረዥ ይኖርሻል።

ከሥራ ስትወጪ ሁልጊዜ ጥላ ከሆነብሽ ጠዋቱን ያዢ። ማለዳ ላይ ፀሐይ መጀመሪያ የምትነካው የጦሳን አናት ነው፤ ከተማው ገና በጥላ ውስጥ እያለ የብርሃኑ መስመር ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። መስመሩ የቤቶቹን ጣሪያ ሊነካ ሲል አንሺ። ኤክስፖዠሩን፣ ማለትም ፎቶው የሚቀበለውን የብርሃን መጠን፣ ስክሪኑ ላይ ብርሃን ያገኘውን ተራራ በመንካት አስተካክዪ። ከተማው ከጠቆረ ተዪው፣ የምትፈልጊው ልዩነቱን ነው።

የምሽቱም ጥላ ራሱ ኪሳራ አይደለም። ፀሐይዋ ከጦሳ ጀርባ ገብታ ሰማዩ ገና ብሩህ የሆነበት ጊዜ ለሰው ፊት ከሁሉም የተሻለው ነው፤ ሰማዩ በሙሉ እንደ አንድ ትልቅ መስኮት ያበራል፣ ከአፍንጫና ከዓይን ሥር ጥቁር ጥላ አይጥልም። ችግሩ ቀለሙ ብቻ ነው፤ በጥላ ውስጥ የሚደርሰን የሰማዩ ሰማያዊ ብርሃን ስለሆነ ፊት የበረደው ይመስላል። በፕሮ ሞድ (ካሜራውን በእጅ የምታስተካክዪበት ክፍል) ዋይት ባላንሱን፣ ማለትም የቀለም ሚዛኑን፣ ከ6,500 እስከ 7,500 ኬልቪን ድረስ ከፍ አድርጊው፤ የቆዳው ሙቀት ይመለሳል።

ቀትር ላይ ግን አትድከሚ፣ በተለይ ሰው ለማንሳት። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ብርሃን የሚበትነው ነገር አነስተኛ ነው፤ ፀሐይ ያረፈበት ይነድዳል፣ ጥላው ደግሞ ድቅድቅ ይላል። ሁለቱን በአንድ ፎቶ አቻችሎ መያዝ ለስልክም ለካሜራም ይከብዳል። ለቀትር የሚሆነው ግድግዳ ነው። ሚያዝያ 11 እና ነሐሴ 18 አካባቢ ፀሐይ በደሴ ሰማይ ልክ አናት ላይ ትሆናለች፣ 6፡20 ገደማ ላይ፤ የቆመ ምሰሶ ጥላ አይኖረውም። በእነዚህ ሁለት ቀናት መካከል ያለው ቀትር የሰሜን ቀትር ነው፦ በሌላው ወቅት ቀትር ላይ ጥላ ውስጥ የሚሆነው ወደ ሰሜን የዞረ ግድግዳ ያኔ ብርሃን ያገኛል፤ ያውም ከላይ ወደ ታች እየታከከ የሚያልፍ ብርሃን። የጭቃው ምርግ ስንጥቅ፣ የድንጋዩ ጠርዝ፣ የቆርቆሮው ሽንትር ሁሉ ጎልቶ ይወጣል። ክረምቱ ደመናውን ሳያመጣ፣ በግንቦት፣ ሰፈርሽን ዞረሽ እነዚህን ግድግዳዎች ፈልጊ። ከዓመቱ ምርጥ ፎቶዎችሽ መካከል የሚገቡ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ጉሙ። ካሜራ የሚያየው ነገር ምን እንደሆነ አያውቅም፤ ያገኘውን ብርሃን ሁሉ አማካይ ግራጫ አድርጎ ያወጣል። ነጭ ጉም ስታሳዪው «ብርሃን በዛ» ብሎ ያጠቁረዋል፤ አመዱ የመጣው ከዚያ ነው። ስክሪኑን ነክተሽ ያዢ፣ ፎከስና ኤክስፖዠሩ ሲቆለፍ ማንሸራተቻውን ወደ ላይ ግፊ፤ ቁጥር የሚያሳይ ስልክ ከሆነ ከ+0.7 እስከ +1 ድረስ። ከዚያ በላይ ከሄደ ጉሙ ባዶ ወረቀት ይሆናል። ሁለተኛው ችግር ፎከስ ነው፤ ጉም ጠርዝ ስለሌለው ስልኩ የሚይዘው አጥቶ ይዋልላል። ጠርዝ ያለው ነገር ላይ ንኪ፦ የመብራት ምሰሶ፣ የባሕር ዛፍ ግንድ፣ ጃንጥላ የያዘ ሰው። ያ ጥቁር ነገር ለፎከስ ብቻ አይደለም የሚጠቅመው። ጉም የሚያምረው ቅርቡ ጠቁሮ፣ መካከለኛው ደብዝዞ፣ ሩቁ ጠፍቶ ሲደራረብ ነው፤ ቅርብ የሆነ ጥቁር ነገር ከሌለ መደራረቡ አይታይም። በሐምሌና በነሐሴ ጠዋት ጦሳ ሙሉ በሙሉ ሲጠፋ አብዛኛው ሰው ስልኩን ኪሱ ይከታል። ያኔ ነው መውጣት።

የእናትሽም ነጠላ ያው የጉሙ ጉዳይ ነው፣ በተቃራኒው። ነጭ ጥጥ ጠይም ፊት ከሚመልሰው ብዙ እጥፍ ብርሃን ይመልሳል። ስልኩ ነጠላውን አይቶ ሲያጨልም ፊቷ ይጠቁራል፤ ፊቷን ስትነኪ ነጠላው ይቃጠላል። በመቆለፊያ ብቻ አይፈታም፣ ቦታዋን መቀየር አለብሽ። ፀሐይ ውስጥ አታቁሚያት። ከደጃፉ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ትቀመጥ፣ ፊቷን ወደ ውጭ፣ ወደ ሰማዩ ታዙር። በጥላ ውስጥ የፊቷና የነጠላዋ ልዩነት በግማሽ ይቀንሳል ማለት አይደለም፣ ነገር ግን ስልኩ ሊችለው ወደሚችል ልክ ይወርዳል፤ ከኋላዋ ያለው የቤቱ ጨለማም ነጠላውን አጉልቶ ያወጣል። ጉንጯ ላይ ንኪ፣ ቆልፊ፣ ከ0.3 እስከ 0.7 ዝቅ አድርጊ። ከዚያ ፎቶውን አስፍተሽ ጥለቱ አጠገብ ያለውን ሸማ ተመልከቺ፦ የድርና የማጉ ክር ከታየ ልኩ ነው፤ ልስልስ ነጭ ብቻ ከሆነ አሁንም ትንሽ ዝቅ አድርጊ። ፊት ትንሽ ቢጠቁር በኋላ ማብራት ይቻላል፤ የጠፋ ክር ግን አይመለስም። ስልክሽ በራሱ ፊት የሚያነጣበትን የማሳመሪያ አማራጭም አጥፊው፤ የእናትሽን ቆዳ የሌላ ሰው ያደርገዋል።

እዚያው ቤት ውስጥ ሳለሽ ቡናውን ሞክሪ። የአቦል ትነት በፎቶ የማይታየው ብርሃኑ ከፊት ስለሚመጣ ነው። መስኮቱ ወይም በሩ ከጀበናው ኋላ ትንሽ ወደ ጎን እንዲሆን አድርገሽ ተቀመጪ፤ ከትነቱ ጀርባ ግን ጨለማ ግድግዳ ይሁን። ፎከሱን የጀበናው አንገት ላይ ቆልፊ፣ ኤክስፖዠሩን በ0.7 ዝቅ አድርጊ፣ ሻተር ስፒዱን (ስልኩ ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) ከ1/125 እስከ 1/250 ሰከንድ ላይ አቁሚ። ሲቀዳ አምስት ስድስት ጊዜ ተከታትለሽ አንሺ፤ የትነት ቅርጽ በየቅጽበቱ ይለዋወጣል። ፍላሽ በፍጹም፤ ትነቱን ግራጫ ጥፍጥፍ ያደርገዋል፣ ሲኒው ላይም ያንጸባርቃል።

በማታ ሱቅና ካፌ ውስጥ ፎቶው ላይ ጥቁር መስመር ከተሸነተረ መብራቱ ነው። የእኛ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ ብዙ አምፖሎች በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባሉ። ሻተር ስፒዱን 1/50 ወይም 1/100 ላይ አድርጊው፣ መስመሩ ይጠፋል። የመንገድ መብራት ረጅም ጅራት ካወጣ ደግሞ ሌንሱ ላይ የጣት ቅባት አለ ማለት ነው፤ በንጹሕ ጥጥ ጨርቅ ክብ እያዞርሽ ጥረጊው፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ አትጥረጊ።

የሚንቀሳቀስ ነገር ለማቆም ለሚራመድ ሰው 1/250፣ ለባጃጅ 1/500 ይበቃል። ባጃጁ ጥርት ብሎ ኋላው እንዲሳብ ከፈለግሽ 1/30 ላይ አድርገሽ ስልኩን ከባጃጁ ጋር እኩል እያዞርሽ አንሺ። ይህ በቀን አይሆንም፣ ብዙ ሰውም ምክንያቱን ሳያውቅ ይተወዋል፦ የአብዛኛው ስልክ ሌንስ ቀዳዳ አይጠብም፣ በፀሐይ 1/30 ስትከፍቺው ሁሉም ነገር ይነጣል። የሚሆነው ጀንበር ከጠለቀች በኋላ ከ10ኛው እስከ 20ኛው ደቂቃ ነው። እዚህ ላይ የምቆጥረው የመተግበሪያውን ጀንበር እንጂ የጦሳን አይደለም። የእኛ ማምሻ አጭር ስለሆነ ከዚያ በኋላ ጨለማ ነው።

በ16ኛው ቀን ያለቀብሽ ነገር ዕይታ ነው፣ ከተማው አይደለም። እንደምገምተው የመጀመሪያዎቹ ቀናት ፎቶዎችሽ ፒያሳ፣ ከላይ የታየው ከተማ፣ አይጠየፍ አዳራሽ ናቸው። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት አዳራሽ መነሳቱ ተገቢ ነው፤ ግን እንደዚህ ያሉ ቦታዎች በሁለት ሳምንት ያልቃሉ። ከደጃፍሽ 300 እርምጃ ቁጠሪ፤ ለሚቀጥሉት ሁለት ወራት ከዚያ አትውጪ። በዚያ ክልል ውስጥ ያለውን አንድ ነገር በተለያየ ሰዓት አንሺው። የሊስትሮው ሣጥን ላይ የደረቀው ቀለም። በሦስት ዓይነት ቆርቆሮ የተጣፈ አጥር። ጠዋት ተሰጥቶ ማታ የሚሰበሰብ በርበሬ። በባሕር ዛፍ መወጣጫ የተከበበ ፎቅ፦ ይህን በየሳምንቱ ከአንድ ቦታ ብታነሺው ብቻውን 52 ፎቶ ነው። ዝናብ ሲመጣ ከጣሪያው ጠርዝ የሚወርደውን ውኃ በ1/60 ክር፣ በ1/500 ጠብታ አድርገሽ ማውጣት ትችያለሽ፤ ከጀርባው ጥቁር ነገር ካለ።

ደሴ ዳገትና ቁልቁለት ስለሆነች አንድ ስህተት ይደጋገማል። መንገዱን ለጥ አድርገሽ ስታነሺ ቤቶቹ ይወድቃሉ። ቀጥ ማለት ያለበት መንገዱ አይደለም፤ የበሩ መቃን፣ የመብራቱ ምሰሶ ነው። የስክሪኑን መስመሮች ክፈቺና አንዱን ከምሰሶ ጋር አጣጥሚ። ያኔ ዳገቱ ዳገት መሆኑ ይታያል። ከላይ ሆነሽ ጣሪያዎችን ስታነሺ ደግሞ አዲሱ ቆርቆሮ ዓይን ያጠፋል፤ ደመና ያለበትን ቀን ወይም ጦሳ ፀሐይዋን የወሰደበትን ሰዓት ጠብቂ። ያኔ ዝገቱ፣ አዲሱ፣ የተቀባው ሁሉ በየቀለሙ ይለያል።

ለዓመቱ አንድ ቋሚ ፎቶ ይኑርሽ፦ ጦሳ፣ ከአንድ መስኮት ወይም ከአንድ ደረጃ፣ በሳምንት አንድ ጊዜ። የምትቆሚበትን በጠመኔ ምልክት አድርጊ፣ አንድ ምሰሶ ከተራራው አንድ ጉብታ ጋር ገጥሞ እንዲታይ አስተካክዪ፣ ዙም አትንኪ፣ ሁልጊዜ 1 እጥፍ ላይ። ከመስከረም አደይ እስከ ግንቦት አቧራ፣ ከበልግ ዝናብ እስከ ክረምት ጉም በአንድ ክፈፍ ይሰበሰባል። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ እዚህ ሰፍረው ሳለ ጅራታም ኮከብ አይተው ተደስተው ቦታውን ደሴ እንዳሉት ይነገራል። ስሟ ራሱ ቀና ብሎ ከማየት የመጣ ከተማ ስለሆነች፣ ሰማዩን ከፎቶው አትቁረጪው።

ሰኞ ገበያ፣ ስሙ በሚለው ቀን፣ የግድ መሄድሽ አይቀርም። እዚያ ሁለት ነገር ልብ በዪ። ሰማያዊ ላስቲክ ሥር የተቀመጠ ነጋዴ ፊቱ ሰማያዊ ነው፤ በዋይት ባላንስ ብታስተካክዪው ከላስቲኩ ውጭ ያለው ብርቱካንማ ይሆናል። ወደ ላስቲኩ ጠርዝ፣ ብርሃኑ ነጭ ወደሆነበት የተጠጋ ሰው ምረጪ። ሁለተኛው ፈቃድ ነው። መጀመሪያ ግዢ፣ አጫውቺ፣ ከዚያ «እማማ፣ ፎቶ ላንሳዎት?» በዪ። እምቢ ካሉ «እጅዎንና ሚዛኑን ብቻስ?» ማለት ይቻላል፤ አሁንም እምቢ ካሉ አመስግነሽ እለፊ። ያነሳሽውን አሳዪ፤ ካማራቸው አሳትመሽ በሚቀጥለው ሰኞ ውሰጂላቸው። ልጆችን ያለ ወላጅ ፈቃድ አታንሺ፤ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ግቢ ጠይቀሽ ግቢ። ኬላ፣ ወታደር፣ ባንክ ደጃፍ ላይ ስልክ አታውጪ።

አየር ለመለወጥ ኮምቦልቻ ቅርብ ነው። የሐረጎን ቁልቁለት ወርደሽ ስትደርሺ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብለሻል፣ አየሩ በ4 ዲግሪ ገደማ ይሞቃል። በብርዱ ጠዋት ከደሴ የወጣ ስልክ እዚያ ሲከፈት ሌንሱ ላይ ላብ ሊይዝ ይችላል፤ ፎቶው በወተት የታጠበ ይመስላል። አትጥረጊው፣ ቦርሳ ውስጥ እንዳለ 15 ደቂቃ ይሙቅ።

ካሜራ የሚያስፈልግሽ ስልኩ የማይደርስበትን ነገር ደጋግመሽ ስትፈልጊ ነው፦ ከሩቅ ያለ ሰው፣ ወፍ፣ በጨለማ የሚንቀሳቀስ ነገር። ለብቻው የሩቅ ማንሻ ሌንስ በሌለው ስልክ ዙም ማድረግ ፎቶውን ቆርጦ ማስፋት ብቻ ነው፤ በእግርሽ ቅረቢ።

የመጨረሻው ብዙ ሰው የሚንቀው ነው። በ1928 ጣሊያን ደሴን ከአየር ሲደበድብ የተነሱ ፎቶዎች ዛሬም የሚያገለግሉን ቦታቸውና ጊዜያቸው ስለታወቀ ነው። የእያንዳንዱን ፎቶ ስም «2017-09-12 ሳላይሽ ሰሜን ግድግዳ 6፡30» እያልሽ ጻፊ፤ ዓመት፣ ወር፣ ቀን በዚህ ቅደም ተከተል ከሆነ ኮምፒውተሩ በራሱ ይደረድረዋል። በ2014ቱ ጦርነት የደሴ ሙዚየም መዘረፉን ታውቂያለሽ፤ አንድ ቦታ ብቻ ያለ ነገር አደጋ ላይ ነው። የስልክ ፎቶ አንዱ ከ3 እስከ 5 ሜጋባይት ቢሆን የዓመቱ 365 ፎቶ ከ2 ጊጋባይት አያልፍም፤ አንዱን ቅጂ ስልክሽ ላይ፣ አንዱን በሚሞሪ ካርድ ቤት፣ አንዱን ሌላ ከተማ ባለ ዘመድ ዘንድ አስቀምጪ። በቴሌግራም ስትልኪ «ፋይል» ብለሽ ላኪ፤ እንደ ፎቶ ከላክሽው ይጨመቃል። ለእናትሽ 10 በ15 ሳንቲ ሜትር ለማሳተም 1,200 በ1,800 ነጥብ ይበቃል፤ ከማሳተምሽ በፊት አንድ የሙከራ ቅጂ አስወጪ፣ የስክሪን ብርሃን ስለሚያታልል ወረቀቱ ላይ ብዙ ጊዜ ትንሽ ይጠቁራል።